አንበሳ የሌለው ወረቀት

መቀመጥ አይሆንልኝም። ይህንን ስጽፍ እንኳን ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፍቼ አይቻለሁ፤ የምጠብቀው ሰው ኖሮ አይደለም፣ እግሬ ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ ወንበሩ ይወጋሻል እንዴ?» ይሉኛል። ወንበሩ ምንም አላደረገኝም። ይህ አመል የያዘኝ በወጣትነቴ፣ ኮልፌ፣ በአራት ድንጋይ ላይ የቆመ ካሚዮን ሥር ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የመጨረሻ ዓመታቸው መሆኑን ግን እኛ በምን እናውቃለን።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት የተመለስኩት በፋሲካ ማግስት፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ ነበር። አባቴ ለምን አላለኝም። ፍራሹን ከተሸካሚው ተቀበለና «በግራ በኩል አንጥፊው፣ በቀኝ ጣሪያው ያፈሳል» አለኝ፤ በዚሁ ጉዳዩ ተዘጋ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ እኔና እሷ ትታው የሄደችው የእንጨት ሳጥን ነበርን።

አባቴ ሹፌር ነበር። የዕድሜውን እኩሌታ የሰው መኪና ይዞ የጅማን መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። አሠሪው ሲሞቱ ወራሾቹ መኪኖቹን ሸጠው ተበታተኑ፤ ለአባቴም የአገልግሎትህ ማስታወሻ ብለው ማንም የማይፈልገውን ሰጡት። ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ሞተሩ የተጣበቀ፣ ጋራዥ ደጅ ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ካሚዮን ነው። አባቴ በውሰት ጎማ አስጎትቶ ወደምንከራይበት ግቢ አመጣው፣ ጎማውን ለባለቤቱ መለሰ፣ ካሚዮኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። «እስከ ጥምቀት አስነሳዋለሁ» ብሎ ነበር አሉ። ያ ጥምቀት አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። እኔ ስደርስ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር።

ሥራ የፈታ ሹፌር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ሲመላለስ ይውላል፤ በየቀኑ የሚሄደው እርምጃ ቢቀጠል ጅማ ያደርሳል። ሲበላ ቆሞ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጋቢናው ውስጥ ይገባና መሪውን ይዞ ዝናቡን በመስታወቱ ያያል። ዶሮዋ ለምዳዋለች፤ አትነሳለትም።

የግቢው ባለቤት አሮጊት ወይዘሮ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ ቤቶቹን ይዞራሉ፣ አጥሩን ይነካካሉ፣ መጨረሻ ላይ ካሚዮኑ ፊት ይቆማሉ። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርተው ሊያከራዩ አስበዋል። አንድ ቅዳሜ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ እኔ ልብስ ሳጥብ መጡና አባቴን፣

«ካሚዮኑም ቆመ፣ ልጅህም ቆመች» አሉት። «ግቢዬን መቆሚያ አደረጋችሁት።»

«እሜቴ፣ ልጄ አልቆመችም። ልብስ እያጠበች ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ እንደሚያዩኝ ነኝ።»

አልሳቁም። ከጃንጥላው እጀታ ጋር አዳብለው የያዙትን ወረቀት ሰጡት። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በጥሩ ወረቀት አስጽፈውት ነው። አባቴም እኔም ማንበብ ስለማንችል ጎረቤት አነበበልን። ካሚዮኑ እስከ መስቀል ዋዜማ ከግቢው ካልወጣ፣ ብረት ገዢዎች መጥተው ቆራርጠው ይወስዱታል ይላል። አባቴ ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። አስጎትቶ የሚያቆምበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ካሚዮኑ የሚተርፈው ተነስቶ በራሱ ከሄደ ብቻ ነው።

በአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። በወጣትነታቸው ጣልያን ጋራዥ ውስጥ፣ በኋላም መርካቶ የራሳቸውን ቤት ከፍተው የሠሩ መካኒክ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ተዉት፤ ከመስጊድ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መስጊድ ሆነ ውሏቸው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። አባቴ በማግስቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሁሉን ነገራቸው።

«ጭንቅላቴ ደህና ነው» አሉት። «እጄ ነው የከዳኝ። እጅ አምጣልኝ።»

«እጅማ ይኸው» አለ አባቴ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ብሎን ሰበረ። አባባ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ግቢያችን መጥተው ያዩት ነበር።

«አንተ ለመንዳት ነው የተፈጠርከው» አሉት። «ብሎን ስትፈታ ዳገት የምትወጣ ይመስልሃል። ልጅቷን ስጠኝ።»

«እሷ ምን ታውቃለች?»

«ምንም። ለዚሁ ነው የምፈልጋት።»

እጅ የሆንኩት እንዲህ ነው። አባባ በከዘራቸው ያመለክታሉ፣ እኔ እፈታለሁ። ዘይት ክርኔ ድረስ ወረደ፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ነገር እስከ ገና አልለቀቀኝም። የሰፈር ሴቶች ቧንቧ ላይ «ባል ፈታሽና ካሚዮን አገባሽ?» ይሉኛል። «ቢያንስ ይኼኛው አይናገርም» እላቸዋለሁ። ውስጤን ግን ይቆረቁረኝ ነበር፤ ለምን እንደምቸኩል ራሴም አላውቅም፣ ሌሊቱ ረዝሞብኝ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ።

አባባ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን፣ አስፈቱኝና በየቀዳዳው ዘይትና ላምባ ቀላቅዬ አፈሰስኩ። የሚቀጥለውን ሥራ ስጠብቅ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት።

«አሁንስ አባባ?»

«አሁን ይጠጣ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጠግብ። አንቺ ጠዋት ጠዋት ማኖቬላውን ሞክሪው። አታስገድጂው። እንደምን አደርክ ብለሽው ሂጂ።»

ማኖቬላ ከካሚዮኑ አፍንጫ ሥር ገብቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞር የታጠፈ ብረት ነው። ጠዋት ጠዋት ጭቃው ላይ ቆሜ እይዘዋለሁ። አይነቃነቅም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሐምሌ ገባ። ግድግዳ ላይ የተተከለ እጀታ እንደመሳብ ነው። አባቴ ከጓዳው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «እ?» ይለኛል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሱ ወደ አጥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቁጣዬ ሲያይል ብረቱን በእርግጫ እልና ለአባባ አልነግራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ያዝኩት፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ ምን እንደማበስል አስብ ነበር መሰለኝ። ክንዴ ወረደ። የጣት ውፍረት ያህል ነው፤ ከዚያ ቆመ። እግሬ ተንሸራቶ ይሆናል ብዬ ጭቃውን አየሁ። ወደ ላይ መለስኩት፤ ተመለሰ። ወደ ታች ጫንኩት፤ ወረደ። ከብረቱ ውስጥ ከንፈር ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ወጣ።

ሰዎች መኪና ስለማደስ ሲያወሩ ሞተሩ የጮኸበትን ቀን ነው የሚያነሱት። እኔ ግን ከዚያ ካሚዮን የትኛው ቀን ይሰጥሽ ብባል ያንን ጠዋት እወስዳለሁ። ማንም አላየም። ለአባቴ ወዲያው አልነገርኩትም። እዚያው ቆሜ ጣት በጣት፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እጄ እስኪደክም አመላለስኩት። አባባ ከመስጊድ ሲመለሱ በአጥሩ ላይ አዩኝና ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። አባቴም ያንን አይቶ ነው ከቤት የወጣው፤ በአንድ እግሩ ጫማ የለም።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዕረፍት አጣን። አባቴ ምናለሽ ተራ እየሄደ አሮጌ ጎማ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ጎማ ከመርካቶ እስከ ኮልፌ በእጁ እያንከባለለ ያመጣል። ዳገቱ ላይ ጎማው አምልጦት አንዴ አንድ ሽንኩርት ሻጭ ዘንድ ገብቷል፤ ሽንኩርት ሲለቅም ዋለ። እኔ ደግሞ የሻንሲውን፣ ካሚዮኑን የተሸከመውን ብረት፣ ዝገት በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ። አባባ የፊት ጎማው ካለበት በላይ አንድ ቦታ በከዘራቸው ነኩ።

«እዚህ ጋ ቀስ በይ። ስሙ አለ።»

«የማን?»

«የሱ። ሲሠሩት ብረቱ ላይ ይቀርጹበታል። ሁለት ካሚዮን አንድ ቁጥር የለውም።»

በብሩሽ፣ ቀጥሎ በላምባ፣ መጨረሻ ላይ በጥፍሬ ፈለፈልኩት። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ፊደል አላውቅም፤ ቁጥር ግን ከከተማው አውቶቡስ ግንባር ላይ ጥቂት ለቅሜያለሁ። የማላውቃቸውን አባባ ነገሩኝ። ሦስተኛው ሰባት ነበር፤ ሰባትን አውቀው ስለነበር ደስ አለኝ፣ የማውቀው ሰው ያገኘሁ ያህል። በየቀኑ ሳልፍ በጣቴ እየነካሁ እጠራቸዋለሁ። እስከ ዛሬ በቃሌ ናቸው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የውኃውን ፓምፕ መልሰን ልንገጥም ሆነ። በሁለቱ ብረት መሐል ውኃ እንዳያፈስ የሚገባ ወረቀት አለ፤ ጓርኒሲዮን ይሉታል። የድሮው እጄ ላይ ዱቄት ሆነ።

«ወፍራም ወረቀት አምጪ» አሉኝ አባባ። «ከሲጋራ ካርቶን የወፈረ፣ ከጫማ ካርቶን የቀጠነ። ራሳችን እንቆርጣለን።»

አባቴ ጎማ ፍለጋ ሄዷል። ገብቼ የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። የቤታችን ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው፤ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ የማላውቀው ሌላም ሌላም። በሰፈራችን ያኔ ማንበብ የማንችል ሰዎች የምንመራበት አንድ ሕግ ነበረን። አንበሳ ያለበት ወረቀት የመንግሥት ነው፣ አይነካም። አንበሳ የሌለው የማንም ነው። እናቴ በዚህ ሕግ ነው ሳጥኑን ስትጠብቅ የኖረችው። እኔም እያንዳንዱን አንስቼ አየሁ። አንበሳ፤ መለስኩት። አንበሳ፤ መለስኩት። ከሥር አንድ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር ወጣ። ላዩ ልሙጥ ነው። ሽፋኑን ዳሰስኩት፤ ልክ አባባ ያሉት ውፍረት። ክረምት ስለሆነ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ገልብጬ ውስጡን አላየሁም። የፊት ሽፋኑን ቀስ ብዬ ገነጠልኩ። የውስጥ ገጾቹን በሥርዓት መልሼ አስቀመጥኩ፤ ጨዋ ነኝ መቼም።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ወረቀቱን ፓምፑ አፍ ላይ ትዘረጊና በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ኳ ኳ ታደርጊዋለሽ። ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። የብሎኖቹንም ቀዳዳ እንደዚያው። አባባ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ በር አንኳኪ» እያሉኝ ጨረስኩ። አንስቼ ወደ ብርሃን ሳየው እንደ ጥልፍ ያምራል። ግራሶ ቀባሁት፣ ገጠምነው። ቁርጥራጩን ሰብስቤ ፍራሼ ራስጌ ካለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከተትኩ፤ አንድ ቀን አነበዋለሁ እያልኩ ጽሕፈት ሊኖርበት የሚችል ወረቀት አልጥልም ነበር። ጣሳው ውስጥ የስኳር መጠቅለያና የቆየ ጋዜጣም ነበር።

ሞተሩ የተነሳው መስቀል ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። አባቴ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ማኖቬላው ላይ፣ አባባ በርጩማቸው ላይ። ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ አስወጥተናታል። ሦስት ጊዜ አዞርኩት፤ አስነጠሰ። አራተኛው ላይ ማኖቬላው ከእጄ ተፈናጥሮ ካሚዮኑ ጮኸ። ጥቁር ጭስ አጥሩን አልፎ ሄደ። የታጠበ ልብስ በሙሉ ተበላሸ፤ የኔው ነው፣ ማንንም አልቆጣም። አባቴ ከመሪው ጀርባ ሆኖ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። አባባ ጎንበስ ብለው ከፓምፑ ሥር እጃቸውን አገቡና ደረቅ መዳፋቸውን አሳዩኝ። ጠብ ያለ ውኃ የለም። ወረቀቴ ይዟል።

አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ እየሳቀ ቤት ገባ። «ሊብሬውን ላውጣ» አለ። ሊብሬ የመኪና መታወቂያው፣ የባለቤትነቱ ደብተር ነው። ብዙ ቆየ። ስገባ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አባቴን ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። እጁ ላይ ያለው የአረንጓዴው ደብተር የውስጥ ገጽ ነው።

«አይጥ በላው» አለ። «ማኅተሙና የሻንሲ ቁጥሩ ሽፋኑ ውስጥ ነበር። ያለ እሱ የጦር ኃይሎችን መጋጠሚያ አላልፍም። ትራፊክ ያስቆመኛል፣ መኪናውን ይይዙታል።»

ጣሳዬን ከፍራሼ ራስጌ አንስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ከቁርጥራጮቹ አንዱን ገለበጥኩት። ከውስጥ በኩል ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ የአንበሳ የኋላ እግርና ጅራት። የፊት እግሩን የት እንዳደረግኩት አውቃለሁ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ ስጠየቅ የማስታውሰው ልብስ ማጠብ ነው። ንጹሕ ልብስ አጠብኩ። የጎረቤት ልብስ ለምኜ አጠብኩ። አባቴ ከሰፈር ድመት ተውሶ አመጣ። ድመቷ ኮፈኑ ላይ ወጥታ ስትተኛ፣ «ይቺ ደግሞ አይጧ ሞተር ውስጥ ያለች ይመስል» አለ።

በአራተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ለአባባ ነገርኳቸው።

«የት ነው ያለው አልሽኝ?»

«ፓምፑ ውስጥ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አሟቸው ነው ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ነው። «ሱብሃነላህ። እኔ ነኝ ቀስ ቀስ እያልኩ ያስቆረጥኩሽ።» እንባቸውን ጠረጉና ፊታቸው ተለወጠ። «ፓምፑን ብንፈታ፣ የታችኛው ብሎን ጥርሱ አልቋል። ታስታውሻለሽ፣ በስንት መከራ ነው የያዘልን። ውስጥ ከተሰበረ እስከ መስቀል የሚሆን ሌላ ፓምፕ አናገኝም።»

«ካልፈታነውስ?»

«ካልፈታነው የሚጮህ ግን የማይሄድ ካሚዮን አለን። ሂጂ ለአባትሽ ንገሪው። ለብሎኑ እኔ አለሁ። ለሱ አንቺ ነሽ ያለሽው።»

አባቴ ካሚዮኑ ጎን ቆሞ ድመቷን ወተት ያጠጣል።

«አባዬ፣ ድመቷን መልሳት።»

«ለምን?»

«አይጡ እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳጥኑን፣ አንበሳውን፣ መዶሻውን። ሲሰማኝ ዓይኑ ካሚዮኑ ላይ ነው። ስጨርስ እስከ አጥሩ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ይምታኝ ብዬ ቆምኩ፤ መምታቱ ይሻል ነበር። ሦስተኛውን ሲመለስ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና አራት የታጠፈውን ወረቀት፣ የወይዘሮዋን ማስጠንቀቂያ አወጣ። ለአባባ በአጥሩ ላይ አቀበላቸው።

«ለሌላ ጓርኒሲዮን ይኼ ይሆናል?»

አባባ በጣታቸው አሹት። «ስስ ነው።»

«ይታጠፋላ።»

ከዚያ ወደኔ ዞሮ ወረቀቱን በሩቁ እያሳየኝ፣ «ፊቱንም ጀርባውንም አይቼዋለሁ» አለ። «አንበሳ የለውም።»

ብሎኑን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀ። ላምባ ጠብ አደረግን፣ በጋለ ብረት አሞቅን፣ እንደገና ላምባ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው የመፍቻውን ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። «ተይ» ሲሉኝ እተዋለሁ፤ «ትንሽ» ሲሉኝ ትንሽ። አባቴን እንዳያየው ከግቢ አስወጥተነዋል፤ በሩ ላይ ሲመላለስ እግሩ ይሰማናል። የሰውነቴ ክብደት በሙሉ አውራ ጣቴ ላይ ያለ መሰለኝ። ብሎኑ አንዴ አለቀሰ። ከዚያ እንደ ቅቤ ተለቀቀ፤ ሙሉውን፣ ሳይሰበር፣ በእጄ ላይ ወጣ። በሩ ላይ ያለው እግር ቆመ፤ «ወጣ» አልኩ ወደ ውጭ፣ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት ግን ሰማኝ።

ጓርኒሲዮኑን በምላጭ ላጥኩት። ግራሶ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ማኅተሙ ትንሽ ፈሷል፤ አንበሳው ግን አለ፣ ራሱም ዘውዱም። ገበታው ላይ ካርቶን ዘርግቼ፣ የጣሳዬን ቁርጥራጭ በሙሉ አፍስሼ፣ በዱቄት ሙጫ አንድ በአንድ ገጠምኩት። እግር ከሆድ፣ ጅራት ከእግር፣ የጽሕፈት ቁራጭ ከጽሕፈት ቁራጭ። ፊደል ከፊደል እንደሚለይ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጫፉ ካልገጠመ ቃሉ አይሆንም። የጎደለው የብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ ነበር። አንደኛው ቀዳዳ በቁጥሩ መሐል አልፏል።

በመስቀል ዋዜማ ጠዋት ወይዘሮዋ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው መጋዝና መዶሻ የያዙ ሁለት ብረት ገዢዎች አሉ። ካሚዮኑ አራት ጎማ ላይ ቆሟል፤ አራቱም አይመሳሰሉም። አባቴ ጋቢናው ላይ ነው፤ እኔ ማኖቬላውን አንዴ አዞርኩ፣ ተነሳ።

ወይዘሮዋ ጆሮአቸውን ይዘው ወደ ጎን ሆኑ። ሞተሩን ለመብለጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ያስጻፍኩት ወረቀት ደርሶህ ነበር?» አሉት።

«ደርሶኛል እሜቴ» አለ አባቴ ከላይ። «ሥራ ላይ ውሏል።»

አጥሩ ማዶ አባባ ሲያስሉ ሰማሁ። ወይዘሮዋ ካሚዮኑን ከፊት እስከ ኋላ አዩት፤ ከዚያ እኔን፣ ዘይት የነካውን ቀሚሴን አዩ። «እንግዲህ ሂዱ» አሉ። «በሩን እንዳትነኩት።» በሩን በአንድ ስንዝር አለፍነው።

እኔ እስከ ጦር ኃይሎች ልሸኘውና ልመለስ ነበር። ልብስ አስጥቻለሁ። መንገዱ ላይ ችቦ የተሸከሙ ሰዎች ሞልተዋል፤ ካሚዮኑ እየተንፈራገጠ በመሐላቸው ያልፋል፤ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞታል። መጋጠሚያው ላይ ትራፊኩ እጁን አነሳ።

«ሊብሬ።»

አባቴ አቀበለው። ትራፊኩ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ግራሶ ነው ጌታዬ።»

«ሊብሬ ግራሶ ይቀባል?»

«የሠራ ሊብሬ ይቀባል» አለ አባቴ። ከጎኑ ቆነጠጥኩት።

ትራፊኩ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ ካየው በኋላ በጣቱ ቀዳዳውን ነካ። «ቁጥሩ እዚህ ጋ የለም። ይኼማ ምኑ ሊብሬ ነው?»

ሳልጠየቅ ወረድኩ። ጎማው የረጨውን ጭቃ በነጠላዬ ጫፍ ከሻንሲው ላይ ጠረግሁና ቁጥሮቹን በጣቴ እየነካሁ መጥራት ጀመርኩ። እሱ በካርቶኑ ላይ ተከተለኝ። ቀዳዳው ጋ ስንደርስ፣

«ሰባት» አልኩ።

«ማን አለሽ?»

«ብረቱ። ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ከኋላችን መኪና ይጮሃል፣ አንዱ ችቦ ሻጭ ካሚዮኑን እየዞረ ያደንቃል። ትራፊኩ ቀሪዎቹን ቁጥሮች ራሱ አንብቦ ጨረሰና ቀና አለ።

«ትምህርት ቤት ገብተሻል?»

«አልገባሁም።»

«ታዲያ ቁጥር ማን አስተማረሽ?»

«እሱ» አልኩ፣ ካሚዮኑን እያሳየሁት።

ካርቶኑን ለአባቴ መለሰለት። «ከበዓሉ በኋላ ሄደህ አዲስ አውጣ። አሁን እለፍ፣ መንገድ ዘግተሃል።»

አባቴ መኪናውን አላንቀሳቀሰም። እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ ወደ ኮልፌ የሚመልሰኝ መንገድ ከኋላዬ፣ የጅማው ከፊቴ። በመስኮቱ አየኝ።

«የምጭነው ጭነት ዓለም ገና ላይ እየጠበቀኝ ነው» አለ። «ልብስሽን አስጥተሻል።»

«ይድረቅ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ካሚዮኑ ግቢ ገብቶ አልቆመም፤ አባቴም ቆሞ መብላቱን ተወ፣ እየነዳ ሆነ የሚበላው። እኔ ግን ያን ቀን መንገዱን አላየሁትም። ጆሮዬ ፓምፑ ላይ ነበር። የታጠፈው የወይዘሮዋ ወረቀት ይይዝ ይሆን፣ ጠብ ያለ ይሆን እያልኩ መቀመጫው ላይ እቁነጠነጣለሁ። አየር ጤና ሳንደርስ «አባዬ አቁም» አልኩት። ወርጄ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ከሥር እጄን አገባሁ። ደረቅ ነው። ትንሽ እንደሄድን «አቁም» አልኩት። ደረቅ ነው። እስከ ዓለም ገና አራት ጊዜ አስቆምኩት፤ አራቱንም ጊዜ መዳፌ ደርቆ ወጣ።

አምስተኛውን አላቆመልኝም።